በርኅሩኁ ፊት ስም አይጠራም

የተራራውን ስም አልጽፍም። የተቀመጥኩበት በር ወደ እሱ ይከፈታል፤ እኔ እሱን አያለሁ፣ እሱም እኔን ያያል። እያየኝ ስሙን መጻፍ አላስፈላጊ ድፍረት ነው። እኛ ርኅሩኁ እንለዋለን። ርኅሩኅ ሆኖ አይደለም። ሰው የሚፈራውን ነገር ማቆላመጥ ይወዳል፤ የጎረቤት ውሻ ጥርሱን አውጥቶ ሲመጣብህ "ና የኔ ጌታ" እንደምትለው ማለት ነው።

ትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ በነበረው ካርታ ርኅሩኁ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተጋደመ ቀጭን ቡናማ መስመር ነበር። መምህሩ "ዝቅተኛ የበረሃ ተራሮች" ብሎ በዘንጉ ነካ አድርጎት ወደ ሌላ አለፈ። ውሸት አልተናገረም፤ ዝቅተኛ ነው። ጫፍ የሚባል ነገር የለውም። ላብ ሳያጠምቅህ ጀርባው ላይ ትወጣለህ። ጣጣው የሚጀምረው እዚያ ነው። አንዱ ጀርባ ላይ ቆመህ ዙሪያህን ስታይ ሌሎቹ ጀርባዎች ሁሉ በአንድ ቁመት፣ በአንድ ጥቁረት ከፊትህም ከኋላህም ተኝተዋል። የመጣህበት የትኛው እንደሆነ የሚነግርህ አንድ ሹል ድንጋይ እንኳ የለም። ረጅም ተራራ ቢያንስ ራሱን ያሳይሃል፤ ይሄኛው አጎንብሶ ነው የሚጠብቅህ።

ከተራራው ሰሜን እኛ አለን፤ ጉድጓዳችን፣ የሱፍ ድንኳኖቻችን፣ ግመሎቻችን። ከደቡብ ማንም የለም። እስከ ድንበሩ ድረስ ጠጠር ሜዳ ነው፤ የሚጠጣ ውሃ አይገኝበትም። ደረቅ ቦዮች ከተራራው ጀርባ ወደ ሁለቱም ወገን ይወርዳሉ። ወደ ቤት የሚያወርድህ ቦይና ወደዚያ ሜዳ የሚያወርድህ ቦይ አንድ ዓይነት አሸዋ፣ አንድ ዓይነት ጥቁር ድንጋይ፣ አንድ ዓይነት ቅጠል አልባ ቁጥቋጦ ነው ያላቸው። በቦዩ ውስጥ ሆነህ ልዩነቱን የምታውቀው ጨርሰህ ከወረድክ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ስለ ወንድሜ ሚስት ስለ ሴቭጂድ ልጽፍ ስለፈለግሁ ነው። ሴቭጂድ ታዋቂ ሰው አይደለችም። ግመል ጠበቀች፣ ሱፍ ደበደበች፣ ልጆች አሳደገች፤ ይኸው ነው። ግን ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ተራራ ስትፈራ የኖረች ሰው ከሷ ሌላ አላውቅም። ወይም እኛም እንፈራ ነበር፤ የምትናገረው ግን እሷ ብቻ ነበረች።

የተወለደችው በሰሜን፣ ሣርና ወንዝ ባለበት አገር ነው። ወንድሜ ያዳም ለውትድርና ሄዶ እዚያ አገኛትና በግመል አርቢዎች ማኅበር የጭነት መኪና ላይ ከሁለት ሣጥንና ከአንድ የልብስ ስፌት መኪና ጋር አምጥቶ በራችን ላይ አወረዳት። አቧራዋን ሳታራግፍ ወደ ደቡብ ተመለከተችና ጣቷን ቀሰረች።

"ያ ጥቁሩ ነገር ደመና ነው?"

እናቴ ቀርባ ጣቷን ይዛ አጠፈችው። "በጣት አይጠቆምም፣ ልጄ። ግድ ካልሽ በመዳፍሽ ነው። ደመና አይደለም፤ ርኅሩኁ ነው።"

"ስሙ ርኅሩኁ ነው?"

"ስሙን እሱ በማይታይበት ቦታ በጆሮሽ እነግርሻለሁ።"

"የማይታይበት ቦታ የት ነው?"

ያዳም ሳቀ። "ያለፍነው ነው። በመኪና ግማሽ ቀን ወደ ኋላ ተመለሽ።"

ጨው የገባበትን የወተት ሻይ ስንጠጣ እናቴ ደንቡን ዘረዘረችላት። ድንጋዩ አይቆፈርም፣ ውሃው አይቆሸሽም፣ መተላለፊያው ላይ ያለው የድንጋይ ክምር ሦስት ጊዜ ሳይዞሩት አይታለፍም። እነዚህ በሷም አገር ነበሩ፤ እሺ እሺ እያለች ሰማች። የመጨረሻው ግን በሷ አገር አልነበረም።

"እዚያ ውስጥ ገብተሽ የሰው ስም ጮክ ብለሽ አትጠሪም" አለቻት እናቴ። "አንዴ ቢጠራ ርኅሩኁ ይሰማል። ሁለቴ ቢጠራ ያጠናዋል። ሦስቴ የተጠራ ሰው ግን የሱ ነው። ዛሬ ባይወስደው ነገ ይወስደዋል።"

"ሰው ቢጠፋስ፣ እማማ?"

"ሰው አይጠፋም።" እናቴ ሻይዋን እፍ አለች። አንዴ ተጎነጨችና "ቢጠፋም በስሙ አይፈለግም" አለች።

ሴቭጂድ ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሥታ የድንኳኑን በር የዘጋችው ያኔ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ተራራውን እንደ ክፉ አማት ነበር የምትጠብቀው፤ እናቴ ይቅር ትበለኝና። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የድንኳኑን በር ቀድማ የምትዘጋው እሷ ነበረች። መንጋዋን ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ነው የምታሰማራው። ነፋስ አቧራውን አጥቦ ያለፈ ማግስት፣ አየሩ ሲጠራ፣ ከበር ላይ ቆማ "ዛሬ ቀርቧል" ትላለች።

"አልቀረበም፣ እትዬ" እላታለሁ። "አየሩ ጠርቶ ነው።"

"አየሩ ሲጠራ እሱም አጥርቶ ያየናል ማለት ነዋ።"

እስቅባታለሁ። ግን በዚያ ምሽት ለሽንት ስወጣ ከድንኳኑ በስተጀርባ፣ በሰሜን በኩል ነበር የምሄደው።

ሚስት የባሏን ስም የማትጠራ መሆኑ ደግሞ በሁላችንም አገር ያለ ወግ ነው። ሴቭጂድ ያዳምን "የቤቱ ሰው" ነበር የምትለው። "እትዬ፣ እዚህ ቤት ሁለት ወንዶች ነን፤ የትኛችንን ነው?" ስላት፣ ቀና ብላ ሳታየኝ "አንተን የቤቱ አቧራ ነው የምልህ፣ ቺሚድ" አለችኝ። ያዳም ይህን ነገር ለብዙ ጊዜ እየደጋገመ ሲስቅብኝ ኖረ።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። የጸደይ ወቅት ነበር፤ ነፋሱ የሚከፋበት፣ ግመሎች የሚወልዱበት። በዚያ ዘመን ግመሎቹ የማኅበሩ ነበሩ፤ ለመውለድ የደረሱትን የምትጠብቀው ሴቭጂድ ነበረች። ከነሱ አንዷ፣ ቀይዋ ግመል፣ ከመንጋው ተነጥላ ጠፋች። ግመል ልትወልድ ስትል እሷ ራሷ ወደ ተወለደችበት ቦታ መሄድ ትወዳለች። ቀይዋ የተወለደችው ከመተላለፊያው ወዲያ፣ በደቡብ በኩል ካሉት ቦዮች በአንዱ ውስጥ ነው። የትኛው ቦይ እንደሆነ እናቴ ታውቃለች፤ እኔ በጠራ ቀን እንኳ እሳሳት ነበር።

እኔና ያዳም ቤንዚን ልናመጣ በሩሲያ ሞተር ብስክሌት ወደ ወረዳው ከተማ ሄደን ነበር። ሴቭጂድ ልትጠብቀን ትችል ነበር። እናቴም "ወንዶቹ ይምጡ" ብላታለች። እሷ ግን ቀይዋ እዚያ ብትወልድ ግልገሉን ተኩላ ይበላዋል ብላ በመቀመጫ ግመሏ ላይ ወጥታ ሄደች። ለግልገሉ መጠቅለያ የሱፍ ጨርቅ፣ ለራሷ የሻይ ፔርሙዝ ያዘች። ፈሪ ሰው እንዲህ ነው፤ የሚፈራውን ነገር ቶሎ አድርጎ መገላገል ይፈልጋል።

ስንመለስ ሰማዩ በምዕራብ በኩል ቢጫ ሆኖ ነበር። ያንን ቢጫ የምናውቀው ሰዎች ስናየው አናወራም። ያዳም ሞተሩን አጥብቆ ነዳው። ድንኳኑ ጋ ስንደርስ እናቴ ገመዶቹን በድንጋይ እያጠበቀች ነበር፤ ከሩቅ ሆና ያለችንን በነፋሱ ምክንያት አልሰማንም። መስማትም አላስፈለገንም። ከተራራው በኩል የሴቭጂድ መቀመጫ ግመል እየሮጠ መጣ። ኮርቻው ላይ ማንም የለም። ልጓሙ መሬት ይጎተታል።

ያዳም ግመሉን ያዘና ኮርቻውን በእጁ ዳበሰው፤ ሰው ይኖርበታል ብሎ እንደሚፈልግ ዓይነት። ከዚያ እናቴን አያት። እናቴ የወተት ማንኪያዋን ይዛ ወጥታ ርኅሩኁን ለመለማመን ወደ ተራራው ረጨች፤ ነፋሱ ወተቱን መልሶ ፊቷ ላይ አመጣው። ይህን አልወደድኩትም። ያዳምም አይቶታል።

"ወደ ቤት እየተመለሰች ነበር" አለ። "ግመሉ ወደ ቤት ዞሮ ባይሆን ኖሮ ወደዚህ አይመጣም ነበር። በዚህኛው በኩል ናት።"

"በዚህኛው በኩል ናት" አልኩት። በዚያ ሰዓት ሌላ ምን ይባላል።

ግመሉን እየጎተትን በእግራችን ገባን። አቧራው ሲመጣ ቀን መሆኑ ምንም አይጠቅምም፤ ቡናማ ነገር ነው ዙሪያህን የሚከብህ፣ የራስህን ጫማ አጎንብሰህ ታያለህ። ጥርስህ መካከል አሸዋ ይንቀጫቀጫል። ወደ መተላለፊያው የሚወጣውን ቦይ ስለምናውቀው ግድግዳውን በእጃችን እየዳሰስን ወጣን። በየመታጠፊያው ያዳም ይቆምና ያዳምጣል። ነፋሱ በድንጋዮቹ መካከል ሲያልፍ የሴት ድምፅ ያወጣል። እኔ ሁለት ጊዜ "ይኸው" ልል ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ነፋስ ነው። ስንት ነገር ሰምቼ እንደዋጥኩ ለያዳም አልነገርኩትም።

የድንጋይ ክምሩ ጋ ስንደርስ ፔርሙዙን እግሬ መታው። ክምሩ ላይ በተሰካው፣ አላፊዎች ጨርቅ በሚያስሩበት እንጨት ደግሞ አዲስ ሰማያዊ ቅዳጅ ታስሯል። የሷ የራስ መሸፈኛ ጨርቅ ነው።

ያዳም ጨርቁን ያዘ። ከዚያ ልማድ ነውና ክምሩን ለመዞር አንድ እርምጃ ተራመደ።

"ጋሼ፣ ተው" አልኩት።

"ምን ማለትህ ነው?"

"በዚህ አቧራ ውስጥ ሦስት ጊዜ ዞረህ ስትቆም ወዴት እንደሆንክ ታውቃለህ?"

ሁለታችንም የገባን በአንድ ጊዜ ነው። ሴቭጂድ ዞራለች። ሴቭጂድ፣ ያቺ የምትፈራው፣ ዓለም ቢገለበጥ ሳትዞር አትሄድም። ዞራም ስትጨርስ ምንም የማይታይበት አቧራ ውስጥ ናት፤ ክምሩ ከየትም ብታየው ክብ ነው፤ ቦዩ በሁለቱም በኩል አንድ ነው። ወደ ቤት የምትወርድ መስሏት ወደዚያኛው ወገን ወርዳለች።

ያዳም ፊቱ ላይ ያለው አቧራ ተሰነጠቀ። "ወደ ሜዳው" አለ።

"እንቸኩል።"

"ሳልዞረውማ አልሄድም፣ ቺሚድ። ሚስቴን ይዞ ዝም ብዬ ባልፈው ይመልስልኛል?"

ክርክር የሚያስፈልግበት ሰዓት አልነበረም። እኔ ጀርባዬን ወደ ቤት፣ ፊቴን ወደ ደቡብ አድርጌ እንደ ችካል ቆምኩ፤ ግመሉን ያዝኩ። እሱ ዞረ። በየዙሩ ትከሻዬን በእጁ ነክቶ ያልፋል። ሦስተኛውን ሲጨርስ ፊቴ ወዳለበት አቅጣጫ ወረድን። እንዲህ ዓይነት ዘዴ ቀድሞ ያስተማረን ሰው አልነበረም፤ ፍርሃት ነው ያስተማረን።

በደቡብ በኩል ቦዩ ብዙም ሳይወርድ ይከፋፈላል። አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ቀኙ እንደገና ወደ ሁለት። ዱካ የለም፤ ነፋሱ ጠርጎታል። መከፋፈያው ላይ ቆመን የትኛውን እንደምንይዝ ሳናውቅ ቀረን። አንዱን ይዘን ብንሳሳት እሷ በሌላው በኩል ሜዳው ላይ ትወጣለች፤ ሜዳው ላይ ከወጣች ደግሞ ነገ የምንፈልገው ሌላ ነገር ነው። ያንን ቃል በአፌ አልጠራሁትም፤ በሆዴ ግን ጠርቼዋለሁ።

"ጥራት" አልኩት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ከኔ አፍ ነው የወጣው።

"ስሟን?" ያዳም አየኝ። "እዚህ?"

"ታዲያ ምን ልናደርግ ነው?"

አፉን የሸፈነበትን ጨርቅ አወረደ። ደረቱን ሞላ። የጠራው ግን ስሟን አልነበረም።

"ያዳም!" ብሎ ጮኸ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ያበደ መሰለኝ። ሰው በዚያ ተራራ ውስጥ ቆሞ የራሱን ስም ሲጠራ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ከዚያ ገባኝ። ድምፁን እንድታውቀው ፈልጎ ነው። ስም መጥራት ግድ ከሆነ፣ የሚሰማው አካል አንድ ስም መውሰድ ካለበት፣ የሷን አይሰጥም።

"ያዳም!" አለ ደግሞ። ሁለት።

አውቆ ነው የሚያደርገው። እንደገና አየር ሳበ። እኔ ግመሉን ለቅቄ ዘልዬ በክንዴ አንገቱን ያዝኩ፣ በሌላው እጄ አፉን ደፈንኩት። ወንድሜ ከኔ ይበረታል፤ ታገለኝ። ክርኑ ጎኔን መታኝ። እኔ ግን አልለቀቅሁም፤ ታላቅ ወንድሜን የምይዘው ሳይሆን ገደል ጫፍ ላይ ያለ ሰው የምይዝ ያህል ነበር የያዝኩት። እኔ አፉን እንዳፈንኩ ሁለታችንም ዝም አልን።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው የሰማነው።

"ኾስ... ኾስ... ኾስ..."

ግመል ግልገሏን እንድትቀበል ሴቶች የሚያባብሉባት ድምፅ ነው። ተራራው ይህን አይወስድም፤ የማንም ስም አይደለም። ከቀኝ በኩል ካለው ቦይ፣ ከታች ነው የመጣው፤ ቀጭን፣ የተቆራረጠ፣ የሚንቀጠቀጥ።

ያገኘናት ከቦዩ ግድግዳ ሥር፣ ከቀይዋ ግመል ጎን ነው። ግመሊቱ ተንበርክካ ነፋሱን በጀርባዋ ትከላከላለች፤ ግልገሉ፣ ገና እርጥቡ፣ በሱፍ ጨርቁ ተጠቅልሎ በሴቭጂድ እቅፍ ውስጥ ነው። ሴቭጂድ ፊቷ ሁሉ አቧራ ሆኖ እንባዋ ሁለት መስመር ሠርቶበታል። ያዳምን ስታየው ግልገሉን አስቀምጣ ተነሣች፤ የምታቅፈው መስሎኝ ነበር። በሁለት እጇ ደረቱን መታችው።

"ማን ነው ስምዎን የሰጠው?"

"እኔው ነኝ።"

"ስንት ጊዜ?"

"ሁለቴ ብቻ።"

"ሁለቱን ሰምቻለሁ! ሦስተኛውስ? ሦስተኛውን ሲሉ ነፋሱ ወስዶብኝ ይሆናል!"

"አላልኩም። ቺሚድ አፌን ደፈነኝ።"

ወደ እኔ ዞረች። "የቤቱ አቧራ" አለችኝና አሸዋው ላይ ተቀመጠች።

የሆነባትን በኋላ ነው የነገረችን። ክምሩ ጋ ደርሳ ከግመሏ ወርዳ፣ ጨርቁን አስራ፣ ድንጋዩን በሁለት እጇ ለማኖር ልጓሙን መሬት ላይ ጣለችው። የመጀመሪያውን ዙር ሳትጨርስ አቧራው መጣ፤ ግመሉ ደንግጦ አመለጠ። "ለምን ዙሩን አልተውሽውም?" ስላት ደንግጣ አየችኝ፤ ጀምሮ መተው ከነጭራሹ ካለመዞር የከፋ ነው ለሷ። ሦስቱን ጨርሳ፣ ፍለጋውን ትታ ወረደች። ወደ ቤት እየወረደች እንደሆነ ቅንጣት አልተጠራጠረችም፤ እንዲያውም ልቧ ቀለል ብሏት ነበር። ከዚያ አቧራው ውስጥ ቀይዋን ግመል አየች። ከጠዋት ጀምሮ ስትፈልጋት የዋለችውን ግመል። በሕይወቴ እንደዚያ የደነገጥኩበት ነገር የለም ትላለች። ቀይዋ እዚያ ካለች እሷ ያለችው በተራራው በዚያኛው በኩል ነዋ። አንድ እርምጃ ሳትጨምር እዚያው ተቀመጠች፤ ግልገሉ እጇ ላይ ወጣ።

ሲነጋ ነፋሱ ወድቆ፣ ግልገሉን ኮርቻ ላይ ጭነን፣ ቀይዋን አስከትለን ተመለስን። በመተላለፊያው ስናልፍ ሴቭጂድ የያዳምን እጀታ ይዛ ነበር። ዙሩንም ይዛው ዞረች።

ከዚያ በኋላ የነበረው ዕድሜዋ ሁለት ተጠርቶ አንድ የቀረበት ዕድሜ ነው። ያዳም የሚለውን ስም ማንም በአካባቢው እንዳይጠራ ከለከለች። ከነአካቴው ስሙን ለወጠችው፤ በእኛ አገር ሕመም የበዛበትን ሕፃን "ስም የለሽ" ብለን እንደምንጠራው ግዙፉን ወንድሜን ስም የለሽ አለችው፤ እኛም ልጆቹም እንዲሁ። እሱ ይስቅ ነበር። "ጢሜ ሲሸብት ክርስትና ተነሣሁ እንበል?" ይላል፣ በከተማ የሰማውን ቃል። አንዴ ከወረዳው የመጣ ሰው በሜዳ ላይ፣ በሁላችን ፊት፣ ለጎበዝ አርቢዎች ሽልማት ሲሰጥ ወረቀት ዘርግቶ ጮክ ብሎ "ያ—" ሲል ሴቭጂድ የወተት ቆርቆሮውን ከነክዳኑ ለቀቀችው። ቆርቆሮው እየተንከባለለ ሜዳውን ሲያንኳኳ ሰውየው ስሙን ደግሞ ለመጥራት ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳል ያዛት። ያዳም ራሱ ሄዶ ሜዳልያውን ከእጁ ተቀበለው።

"እትዬ፣ እሱ እኮ ከተራራው ውጭ ነው የጠራው" አልኳት በኋላ።

"ጆሮ አጥር አለው እንዴ?"

ያዳም ከሷ ቀድሞ ቤት ከወጣ ወደየት እንደሄደ ሳትጠይቅ አታልፍም። ወደ ደቡብ ከሆነ ምጣዱ ቢያርም ትታው በር ላይ ትቆማለች። ልጆቹ አድገው ከተማ ገቡ፣ ማኅበሩ ፈረሰ፣ ግመሎቹ የየራሳችን ሆኑ፣ እናቴ ሞተች፤ ሴቭጂድ ግን አንድ ቀን እንኳ ዘና ብላ አላየኋትም። አንዳንዴ ያናድደኝ ነበር። ሊወስደው ቢፈልግ ኖሮ ይህን ያህል ዓመት ይዘገይ ይመስልሻል ወይ ልላት እፈልጋለሁ። አልልም፤ እኔም በሆዴ እቆጥራለሁና።

ተራራው አልወሰደውም። የወሰደው ሳንባው ነው። በክረምት ጠንቶበት ልጁ በመኪና ወደ አውራጃው ከተማ ሆስፒታል ወሰደው፤ በሳምንቱ እዚያው አረፈ። በረዶው መንገዱን ዘግቶ ስለነበር አስከሬኑን ማምጣት አልተቻለም። ከከተማው ጀርባ ባለ ኮረብታ፣ በማያውቃቸው ሰዎች መካከል ተቀበረ። ከዚያ ኮረብታ ርኅሩኁ አይታይም።

ሴቭጂድ አላለቀሰችም። ልጆቹ ተመስገን ጠንካራ ናት አሉ። እኔ ግን ስትቀመጥ አየኋት፤ ምሽት ላይ በሩን አትዘጋም። በክፍት በር ብርዱ እየገባ ወደ ደቡብ ታያለች። ምን እንደምታስብ አልጠየቅሁም። ፈራሁ።

በረዶው ሲቀልጥ፣ ነፋሱ ሳይጀምር፣ አንድ ጠዋት ወደ ድንኳኔ መጣች። የራስ መሸፈኛዋን አጥብቃ አስራለች።

"ቺሚድ፣ ሞተርህ ይነሣል?"

"እንደ እኔ ነው፤ ካሻው ይነሣል። ወዴት ነው፣ እትዬ?"

በመዳፏ ወደ ተራራው አመለከተች።

አላሰብኩትም ነበር። ግልገሉን ይዘን ከተመለስንበት ጠዋት ወዲህ አርባ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን እግሯን አላስገባችም። "አንቺ? እዚያ?" አልኳት። "ምን ልታደርጊ?"

"ውሰደኝና ታየዋለህ።"

ከኋላዬ ተቀምጣ ቀበቶዬን በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘች። መጨረሻውን በእግር ወጣን፤ ሁለታችንም አርጅተናል፤ በየመታጠፊያው አረፍን። ቀኑ የጠራ ነበር። ክምሩ ጋ ስንደርስ የያኔው ሰማያዊ ቅዳጅ የለም፤ የሌሎች ሰዎች ጨርቅ ነው ያለው። ሦስት ድንጋይ አነሣች፣ በሁለት እጇ አኖረች፣ መዞር ጀመረች። እኔ ምንም እንኳ ሁሉ ነገር ቢታይ፣ ጀርባዬን ወደ ቤት አድርጌ እንደ ችካል ቆምኩ። በየዙሩ ትከሻዬን ነክታ አለፈች።

ስትጨርስ ወደ ደቡብ፣ ወደ እነዚያ እኩል ጥቁር ጀርባዎች ፊቷን አዞረች። ጨርቋን ከአፏ አወረደች። ምን ልታደርግ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ እንደ ድሮው ዘልዬ አፏን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ። መልሼ አወረድኩት።

"ያዳም!" ብላ ጠራችው።

ያን ስም ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ለሷም ለማለት የመጀመሪያዋ ነው። አርባ ዓመት የቤቱ ሰው፣ ስም የለሽ፣ እርስዎ እያለች የኖረችው ሴት ስሙን እንዴት አድርጎ ማለት እንደሚቻል የማታውቅ ይመስል ድምጿ መሃል ላይ ተሰበረ። ዝቅተኛ ተራራ ድምፅ አይመልስም፤ ዋጠው። ሦስተኛው ተጠራ።

ቆመች። እኔም ቆምኩ። ከታች ከቦዩ ውስጥ ነፋስ ተነሥቶ ጨርቆቹን አወዛወዘና መልሶ ተቀመጠ።

"እዚያ ማንንም አያውቅም" አለችኝ በመጨረሻ። "እዚህ ይሻለዋል።"

ወደ ሞተሩ ስንወርድ ክንዷን ያዝኩላት። ትንቀጠቀጥ ነበር።

"ፈርተሻል፣ እትዬ" አልኳት።

"አዎ" አለች። "ባይሰማኝስ ብዬ ነው የፈራሁት።"